የሚያጣብቅ የሰኩለንት ቅጠል፦ መንስኤው፣ ምርመራውና ሕክምናው

የሰኩለንት ቅጠል ሲነካ ጣት ላይ ሙጭጭ የሚል ከሆነ፣ በአብዛኛው ተክሉን የሚመጥጡ ነፍሳት ሰፍረውበታል ማለት ነው። ሰኩለንት የሚባሉት በወፍራም ቅጠላቸው፣ በግንዳቸው ወይም በሥራቸው ውሃ ቋጥረው ድርቅን የሚያሳልፉ ተክሎች ናቸው። እሬት፣ ቁልቋል፣ ቅንጭብና እንዳሁላ በኢትዮጵያ የሚታወቁ የዚህ ወገን ተክሎች ናቸው። በየችግኝ መሸጫው የሚታዩት ኤቼቬሪያ፣ ክራሱላና ሃዎርቲያ ደግሞ ከሜክሲኮና ከደቡብ አፍሪካ ተነሥተው በብዙ አገር የመስኮት ተክል ሆነዋል።

እነዚህ ተክሎች ብዙ ውሃ አይጠይቁም፤ ቸልታንም ይችላሉ። ችግራቸውን የሚያሳዩትም ዘግይተው ነው። ቅጠላቸው ወፍራም ስለሆነ ነፍሳት ለሳምንታት ሲመጥጡት እንኳ ቶሎ አይጠወልግም። በዚህ ምክንያት ከመጠውለጉና ቢጫ ከመሆኑ በፊት የሚመጣው ማጣበቅ ትልቅ ዋጋ አለው። አሳዳጊው በወቅቱ ካስተዋለው ተክሉን ለማዳን በቂ ጊዜ ይኖረዋል።

ማጣበቁ በራሱ በሽታ ስላልሆነ ቅጠሉን ማጠብ ብቻውን ተክሉን አያድነውም። ምንጩ ሳይታወቅ መድኃኒት መርጨትም ጉዳት አለው፤ አንዳንድ ጊዜ ጤነኛ ተክል ይቃጠላል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ተባዩ ሳይነካ ይቀራል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መመርመር፣ መለየት፣ ማከም፣ ከዚያም ሕክምናውን መደጋገም ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ የሚያጣብቀው ፈሳሽ እንዴት እንደሚፈጠር መረዳት ያስፈልጋል። ተክል በቅጠሉ ያዘጋጀውን ስኳር ወደ ሥሩ፣ ወደ አበባውና ወደ ቀንበጡ የሚያደርሰው ፍሎዌም በሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች አማካይነት ነው። በቱቦዎቹ ውስጥ የሚጓዘው ፈሳሽ ስኳር የሞላበት ሲሆን፣ ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልገው አሚኖ አሲድ ግን በጣም ያንሰዋል። ሚሊባግ፣ ስኬልና ክሽክሽ የሚባሉት ነፍሳት መርፌ መሰል አፋቸውን ቱቦው ድረስ ሰክተው ይህን ፈሳሽ ይመጥጣሉ። ጥቂቷን አሚኖ አሲድ ለማግኘት ብዙ ፈሳሽ መጠጣት ግድ ስለሚላቸው፣ የተረፋቸውን ውሃና ስኳር ያለማቋረጥ ያስወጣሉ። ቅጠሉ ላይ የሚገኘው የሚያጣብቅና የሚያብለጨልጭ ነገር ይኸው የማር ጠል የሚባለው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው።

የማር ጠል በጠብታ መልክ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የተጣበቀው ቅጠል ነፍሳቱ ያሉበት ቅጠል ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጣበቀው የታችኛው ቅጠል የላይኛው ገጽ ሲሆን፣ ተባዮቹ ደግሞ ከበላዩ ባለው ቅጠል ጀርባ፣ በግንዱ መገጣጠሚያ ወይም በአበባው አንጓ ላይ ተደብቀው ይገኛሉ። ከሰኩለንቱ በላይ የተንጠለጠለ ወይም ከጎኑ ከፍ ብሎ የቆመ ሌላ ተክል ካለ ጠብታው ከዚያ መጥቶም ሊሆን ይችላል። መደርደሪያው፣ የመስኮቱ መስታወትና ወለሉ አብረው ከተጣበቁ ምርመራው በአንዱ ማሰሮ ሳይወሰን አካባቢውን በሙሉ ማዳረስ አለበት።

የማር ጠል በቅጠሉ ላይ ሲቆይ ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው ጥላሸት የሚመስል ጥቁር ሻጋታ ነው። ሻጋታው የሚመገበው ስኳሩን እንጂ ቅጠሉን ስላልሆነ ወደ ውስጥ ዘልቆ አይገባም፤ ነገር ግን ገጹን ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል፣ የተክሉንም መልክ ያጠፋል። ሁለተኛው ጉንዳን ነው። ጉንዳኖች ጣፋጩን ፈሳሽ ለማግኘት ሲሉ የሚመጥጡትን ነፍሳት ከጠላቶቻቸው ይከላከሉላቸዋል፤ አንዳንዴም ከተክል ወደ ተክል ያጓጉዟቸዋል። በአንድ ተክል ግንድ ላይ ጉንዳኖች ተሰልፈው ሲወጡና ሲወርዱ ከታዩ፣ ላይኛው ጫፍ ላይ የሚመጥጥ ነፍሳ መኖሩ አይቀርም።

(አጭር ሙዚቃ)

በቤት ውስጥ ሰኩለንት ላይ ማጣበቅን ከሚያስከትሉት ነፍሳት ዋነኛው ሚሊባግ ነው። ሴቷ ክንፍ የላትም፤ ርዝመቷ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ለስላሳ ሞላላ ሰውነቷ ዱቄት በሚመስል ነጭ ሰም ተሸፍኗል። የምትወደው ጠባብና ጥላ ያለበትን ቦታ ነው፤ ለምሳሌ የኤቼቬሪያን የተደራረበ ቅጠል መሃል፣ ክራሱላ ቅጠሉን ከግንዱ የሚያገናኝበትን ሥርቻ፣ ወይም በቁልቋል እሾህ መካከል ያለውን ጉድጓድ። አሳዳጊው በመጀመሪያ የሚያየው ብዙ ጊዜ ነፍሳቱን ሳይሆን ጥጥ መሰል ነጭ ጉጦችን ነው።

ከጥጥ መሰሉ ነገር ውስጥ የሚገኘው እንቁላል ነው። በቤት ተክሎች ላይ በጣም የተለመደው የብርቱካን ሚሊባግ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፕላኖኮከስ ሲትሪ፣ በአንድ የሰም ከረጢት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችን ትጥላለች። ሙቀት ባለበት ክፍል እንቁላሉ በአንድ ሳምንት ገደማ፣ ቢዘገይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈሉት ሕፃናት እግር አላቸው፤ ቢጫማ መልክ አላቸው፤ በዓይን ለማየትም ያስቸግራሉ። በዚህ ዕድሜያቸው እየተራመዱ ወደ አዲስ ቅጠልና ወደ ጎረቤት ማሰሮ ይሻገራሉ። ከእንቁላል እስከ እንቁላል ጣይ እናት ያለው ጊዜ እንደ ሙቀቱ አንድ ወይም ሁለት ወር ይወስዳል። ባለ ረጅም ጭራው ሚሊባግ ግን ከረጢት አይሠራም፤ ሕፃናቱን በሕይወት ይወልዳል። ይህንንም ከኋላው በሚታዩት፣ የሰውነቱን ያህል ርዝመት ባላቸው ሁለት የሰም ክሮች መለየት ይቻላል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ለስላሳው ስኬል ነው። ይህ ነፍሳ ካደገ በኋላ ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ ብዙዎች የቅጠሉ ጠባሳ ወይም እብጠት ይመስላቸዋል። ቡናማው ለስላሳ ስኬል ጠፍጣፋና ሞላላ ሆኖ በቅጠሉ መሃል አንጓ ላይ ተደርድሮ ይገኛል። ሌላው ዓይነት ደግሞ ግማሽ ክብ የሆነ አንጸባራቂ ቡናማ ጀርባ አለው፤ ሳይሴቲያ ኮፊዬ የሚለው ሳይንሳዊ ስሙ እንደሚያመለክተው የቡና ተክልንም ያጠቃል። በጥፍር ሲፋቅ ከቅጠሉ ላይ ተላቆ የሚነሣ ከሆነና ሲጨፈለቅ ፈሳሽ የሚወጣው ከሆነ በሕይወት ያለ ስኬል ነው። ደርቆ ባዶ ቅርፊት ብቻ ከቀረ ግን የሞተ ነው፤ ከሞተ በኋላም ለወራት ተጣብቆ ሊቆይ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አለ። ጋሻ ለበስ የሚባሉት ስኬሎች በቁልቋልና በእሬት ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ፤ የማር ጠል ግን አያወጡም፤ የሚመገቡትም ከስኳር ቱቦው ሳይሆን ከቅጠሉ ሕዋሳት ነው። ቅጠሉ ነጠብጣብ ኖሮት የማያጣብቅ ከሆነ እነዚህ ይጠረጠራሉ፤ ነጠብጣብ ኖሮት የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ለስላሳው ስኬል ወይም ሚሊባግ ይፈለጋል። ስፓይደር ማይት የሚባሉት ጥቃቅን ሸረሪት መሰል ተባዮችም ቅጠልን ያነጡታል፣ ቀጭን ድርም ይሠሩበታል እንጂ አያጣብቁትም።

ሦስተኛው ክሽክሽ ነው። በገብስና በጎመን ላይ ከሚታወቀው ተባይ ጋር የሚዛመዱት ዓይነቶች በሰኩለንት ላይ ብዙውን ጊዜ የሚመርጡት አዲስ የወጣውን የአበባ ዘንግ ነው። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ ሆነው ተሰብስበው ይታያሉ፤ የገፈፉት ነጭ ቆዳም ከታች ባለው ቅጠል ላይ ተበትኖ ይገኛል። ሴቷ ያለ ወንድ ስለምትወልድና ልጆቿም በሞቀ ክፍል በአንድ ሳምንት ገደማ እናት ስለሚሆኑ ቁጥራቸው በፍጥነት ይበዛል። ደግነቱ ሰውነታቸው ለስላሳና ያልተሸፈነ በመሆኑ ከሦስቱ ተባዮች ለማስወገድ የሚቀለው ክሽክሽ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

የሚያጣብቅ ቅጠል ሁሉ ግን ታማሚ አይደለም። አንዳንድ ተክሎች በተፈጥሯቸው ያጣብቃሉ። ከማዴይራ ደሴት የመጣው ኤዮኒየም ግሉቲኖሰም ቅጠሉና ግንዱ ሙጫ ያዘለ ነው። የካናሪ ደሴቶቹ ኤዮኒየም ሊንድሌይም ጥቃቅን ፀጉር ያለው የሚያጣብቅ ቅጠል አለው። እንዲህ ያለ ተክል ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በሁሉም ቅጠሉ ላይ እኩል ያጣብቃል፤ ነፍሳም ሆነ ጥቁር ሻጋታ አይታይበትም።

የአበባ ወለላም ሌላው ምንጭ ነው። ሆያ ሲያብብ ጣፋጭ ጠብታ ከአበባው ይወርዳል፤ ሳንሴቬሪያም በአበባ ዘንጉ ላይ ጥርት ያሉ ጠብታዎችን ያወጣል። አንዳንድ ባለ እሾህ ካክተሶች ደግሞ ከአበባቸው ውጭ፣ እሾሁ በሚበቅልበት ነጥብ አጠገብ ወለላ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሏቸው። ወለላን ከማር ጠል የሚለየው ቦታው ነው፤ ወለላ ሁልጊዜ ከአንድ ዓይነት የታወቀ ነጥብ ይወጣል፣ የማር ጠል ግን የትም ይረጫል።

ከቁልቋል ወገን የሆኑ ተክሎች ሲቆረጡ ወይም ሲቆስሉ የሚወጣቸው ነጭ ወተትም ያጣብቃል። ይህ ወተት ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባም ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ቁልቋልና ቅንጭብ ሲመረመሩ ጓንት ማድረግ ይገባል። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። በቅርቡ የተቀባ የቅጠል ማንጸባረቂያ፣ ቅሪቱ ያልታጠበ ዘይትነት ያለው መድኃኒት፣ በምድጃ አጠገብ ባለ ተክል ላይ የሚያርፍ የወጥ ቤት ቅባትም ቅጠልን ሊያጣብቁ ይችላሉ።

በተቃራኒው ሚሊባግ የሚመስል ግን ያልሆነ ነገር አለ። የክራሱላ ቅጠል በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውሃ ሲያስወጣ ውሃው ደርቆ ነጭ የማዕድን ነጠብጣብ ይተዋል። ይህ ነጠብጣብ ደረቅና ሻካራ ነው፤ ሲፋቅ ይፈረፈራል፣ አያጣብቅም። የኤቼቬሪያ ቅጠል ላይ እኩል ተነስንሶ የሚታየው አመድማ ዱቄትም ተክሉ ራሱን ከፀሐይና ከድርቀት የሚጠብቅበት ሰም ስለሆነ መጠረግ የለበትም። አንዴ ከተጠረገ በዚያው ቅጠል ላይ መልሶ አይተካም።

(አጭር ሙዚቃ)

ምርመራው በጥሩ ብርሃን፣ ቢቻል በማጉያ መነጽር ይካሄዳል። መጀመሪያ ተክሉ ከሌሎቹ ተለይቶ ብቻውን ይቀመጣል። ቀጥሎ ከሚያጣብቀው ቦታ ተነሥቶ ወደ ላይ ይፈተሻል፤ የቅጠሉ ጀርባ፣ የቅጠሎቹ መገናኛ፣ አዲሱ ቀንበጥ፣ የአበባው ዘንግ። ከዚያ የማሰሮው ከንፈር፣ ውሃ መውጫ ቀዳዳውና ከሥሩ ያለው ሳህን ይታያሉ፤ ሚሊባግ እንቁላሏን እዚያም ትጥላለችና።

ነጭ ጉጥ ከተገኘ በአልኮል በረጠበ የጆሮ ጥጥ ይነካል። ሚሊባግ ከሆነ ሰሙ ይሟሟና ቢጫማ ወይም ሮዝማ ሰውነት ይጋለጣል። የማዕድን ነጠብጣብ ግን በአልኮል አይለወጥም። በበለስ ተክል ላይ የሚገኝ ነጭ ጉጥ ተጨፍልቆ ደማቅ ቀይ ቀለም ከወጣው ደግሞ ኮቺኒል የተባለው የሚሊባግ ዘመድ ነው። ይህ ነፍሳ ከላቲን አሜሪካ የመጣና ቀይ ቀለም ለማምረት የሚረባ ሲሆን፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ትግራይ ከገባ በኋላ ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ ሰውና ከብት የሚመገቡትን የበለስ ማሳ በሰፊው አጥፍቷል። በጥጥ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር አንድ ነፍሳ በወቅቱ ካልተገታ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ምንም ነፍሳ ካልታየ ሌላ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ የሚያጣብቅ ቅጠል ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጸድቶ በአጠገቡ ነጭ ወረቀት ይነጠፋል። ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ቅጠሉ እንደገና ካጣበቀ ወይም ወረቀቱ ላይ የሚያብለጨልጩ ጠብታዎች ከታዩ ምንጩ አሁንም ሕያው ነው። ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ከቆዩ ማጣበቁ የአሮጌ ፈሳሽ ቅሪት ነበር ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሕክምናው የሚጀምረው ከቀላሉ ነው። ነፍሳቱ ጥቂት ከሆኑ በእጅ መልቀም ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። በጥጥ ወይም በስቲኪኒ ከየሥርቻው ይወጣሉ፤ ስኬል በጥፍር ወይም በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይፋቃል፤ በክሽክሽ የተሞላ የአበባ ዘንግም ተቆርጦ በታሰረ ፌስታል ይጣላል። ጠንካራ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች በውሃ ግፊት ማጠብ ይቻላል። ከታጠበ በኋላ ግን በቅጠሎቹ መሃል የቀረውን ውሃ ማፍሰስና ነፋስ ባለበት ማድረቅ ያሻል፤ እዚያ የተኛ ውሃ ብስባሴ ያስከትላልና።

ለሚሊባግ በጣም የሚስማማው ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ነው። አልኮሉ የሰም ልብሱን ያሟሟና ነፍሳውን ያደርቀዋል። ሁሉንም ቅጠል ከመርጨት ይልቅ እያንዳንዱን ጉጥ በጥጥ መንካት የተሻለ ነው፤ በተለይ በዱቄት ሰም የተሸፈነውን ኤቼቬሪያን። ከዋናው ሥራ በፊት በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሮ ሁለት ቀን መጠበቅ ይገባል። የታከመው ተክል እስኪደርቅ ቀጥተኛ ፀሐይ አይነካውም። አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሥራው ከምድጃ፣ ከከሰልና ከሻማ ርቆ፣ መስኮት ተከፍቶ ይሠራል።

ተባዩ ከበዛ ለተክል ተብሎ የተዘጋጀ ፀረ ተባይ ሳሙና ያገለግላል። መጠኑ በመለያው ላይ የተጻፈው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ ማለትም በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊሊትር ነው። ሳሙና የሚገድለው በቀጥታ የነካውን ነፍሳ ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ኃይል የለውም። ስለዚህ የቅጠሉ ጀርባና ሥርቻው ሁሉ መርጠብ አለበት። ክራሱላና የክርስቶስ እሾህ የሚባለው ተክል በሳሙና በቀላሉ ስለሚጎዱ ለእነርሱ አልኮል በጥጥ ይሻላል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ቅባት እንዲያስለቅቅ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ የቅጠሉን ሰም ሊያነሣ ይችላል፤ የተክል ሳሙናን አይተካም።

ከኒም ዛፍ ፍሬ የሚወጣው ዘይትና ሌሎች የተክል ዘይቶች ነፍሳቱንና እንቁላሉን ሸፍነው ትንፋሽ ያሳጧቸዋል። የሚረጩት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፤ ዘይት የተቀባ ቅጠል ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላልና። ዘይት የኤቼቬሪያን የዱቄት ሰም ስለሚያጠፋ ለእርሱ አይመከርም።

በተክሉ ውስጥ ተሰራጭተው የሚመጥጠውን ነፍሳ የሚገድሉ መድኃኒቶችም አሉ፤ ኢሚዳክሎፕሪድ ከነዚህ አንዱ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች እስከ አበባው ወለላ ስለሚደርሱ ንቦችን ይጎዳሉ፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2018 ኢሚዳክሎፕሪድን ከቤት ውጭ ባለ ማሳ ላይ መጠቀምን ከልክሏል። ስለዚህ የመጨረሻ አማራጭ ሆነው በመለያው መመሪያ ብቻ ይሰጣሉ፤ ወደ ውጭ ለሚወጣና ለሚያብብ ተክል አይሰጡም። ለቁስል ወይም ለፀጉር የሚውል እሬት በእነዚህ መድኃኒቶች ከታከመም ፈሳሹን ሰውነት ላይ መቀባት አይገባም።

በግሪንሃውስ ውስጥ ደግሞ ነፍሳን በነፍሳ መከላከል የቆየ ልምድ ነው። ክሪፕቶሌመስ የተባለችው የአውስትራሊያ ጢንዚዛ በነፍሳት ተመራማሪው በአልበርት ኬበሌ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ ካሊፎርኒያ ተወስዳ የብርቱካን ሚሊባግን እንድትበላ ተለቃለች፤ እስከ ዛሬም በብዙ አገር ለዚሁ ሥራ ትረባለች። በጥቂት ማሰሮዎች ላይ ግን ምግቧ ቶሎ ስለሚያልቅባት ወደ መስኮቱ ትበርራለች።

የትኛውም መድኃኒት ቢመረጥ ውጤቱን የሚወስነው መደጋገሙ ነው። አልኮልና ሳሙና በሰም ከረጢት ውስጥ የተሸሸጉትን እንቁላሎች ሁሉ አይደርሱባቸውም። ዛሬ የጸዳ ተክል በሚቀጥለው ሳምንት በአዲስ ሕፃናት ሊሞላ የሚችለውም ለዚህ ነው። በየሰባት ቀኑ፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት የሚደጋገም ሕክምና ግን የሚፈለፈሉትን እናት ሳይሆኑ በፊት ይይዛቸዋል። ብዙ ተክሎች የሚጠፉት መድኃኒቱ ደካማ ሆኖ አይደለም፤ አሳዳጊው ነጩ ጉጥ ሲጠፋ ሥራው ያለቀ መስሎት ስለሚያቆም ነው።

ነፍሳቱ ሲወገዱ የቀረው የማር ጠል ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል። ጥቁሩ ሻጋታም ምግቡ ስለሚቋረጥበት በተደጋጋሚ ሲታሽ ይለቃል፤ ለብቻው የሻጋታ መድኃኒት አያስፈልገውም። ጉንዳኖቹ የሚመጡበት መንገድም ይዘጋል፤ ማሰሮው ውሃ ባለበት ሰፊ ሳህን ውስጥ በድንጋይ ከፍ ተደርጎ ቢቀመጥ ጉንዳን አይሻገርም፣ ሥሩም ውሃ አይነካውም።

(አጭር ሙዚቃ)

ከላይ ምንም ሳይታይ ተክሉ እድገቱን ካቆመ፣ ቅጠሉ ውሃ ጠጥቶም ከተሸበሸበ፣ ወይም ተባዩ በተደጋጋሚ ሕክምና ካልጠፋ ሥሩ መታየት አለበት። የሥር ሚሊባግ የሚባሉት ወገኖች በአፈር ውስጥ ስለሚኖሩ ቅጠል ላይ ማጣበቅ ላያሳዩ ይችላሉ። ተክሉ ከማሰሮው ሲወጣ በሥሩ ላይና በማሰሮው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነጭ የሰም ብናኝ ይገኛል። በደረቅ አፈር ስለሚመቻቸው ለሰኩለንት የሚሆነው አያያዝ ለእነርሱም ይሆናቸዋል።

ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ የእንሰት ገበሬዎች ይህን ዓይነት ጠላት በሚገባ ያውቁታል። የእንሰት ሥር ሚሊባግ ሥሩንና ሐምቾ የሚባለውን ከመሬት በታች ያለ ግንዱን እየመጠጠ ተክሉን ያቀጭጫል፤ ከማሳ ወደ ማሳ የሚዛመተውም በዋናነት ተባዩ ባለበት ችግኝ ነው። በዚያ የተገኘው ትምህርት ለማሰሮ ተክልም ይሠራል፦ ንጹሕ ችግኝ ከሁሉም መድኃኒት ይቀድማል።

የሥር ሚሊባግ ሲገኝ አሮጌው አፈር በሙሉ ተራግፎ በፌስታል ታስሮ ይጣላል፤ ወደ ኮምፖስት አይገባም። ሥሩ በውሃ ታጥቦ የተጎዳው ክፍል በንጹሕ ቢላ ይቆረጣል። ተክሉ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ ይቆያል፤ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና በታጠበ ማሰሮ፣ በአዲስና ውሃ በሚያሳልፍ አሸዋማ አፈር ይተከላል። ከተተከለ በኋላም ለአንድ ሳምንት ገደማ ውሃ አይጠጣም።

ተባዩ ተክሉን በሙሉ ወርሶት ከሆነ ጤነኛውን ጫፍ ማትረፍ ይቻላል። ከክራሱላ ወይም ከኤቼቬሪያ ንጹሕ የሆነ ቁራጭ ተመርጦ፣ በማጉያ ተፈትሾና በአልኮል ተጠርጎ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ከቆየ በኋላ ለብቻው ይተከላል። የቀረው ይወገዳል። አንድ የተወረሰ ማሰሮ ከመደርደሪያው ባለመነሣቱ የሚመጣው ጉዳት ከተክሉ ዋጋ ስለሚበልጥ ይህን ውሳኔ ማዘግየት አይጠቅምም።

መከላከሉ ከግዢው ቀን ይጀምራል። አዲስ ተክል የቅጠሉ ጀርባና ሥሩ ታይቶ ይገዛል፤ ቤት ከገባም በኋላ ቢያንስ ለአራት ሳምንት ከሌሎቹ ተለይቶ ይቆያል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ለስላሳና ጭማቂ ቀንበጥ ስለሚያበዛ ለሚመጥጡ ነፍሳት ይመቻል፤ ለሰኩለንት ጥቂቱ ይበቃል። ውሃ የሚጠጣው አፈሩ ሲደርቅ ነው። ደመና በሚበዛበት ክረምት ተክሉ ወደ ብሩህ መስኮት ይቀርባል፣ ውሃውም ይቀነሳል። የደረቁ የታችኛዎቹ ቅጠሎች የሚሊባግ መሸሸጊያ ስለሚሆኑ በየጊዜው ይለቀማሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ቅጠሉን ገልጦ ማየት ተባዩን ገና በጥጥ በሚጠረግበት ቁጥር ላይ ያስይዘዋል።

ሕክምናው ተሳክቷል የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። በሁለት ወር ውስጥ የጸዳው ቅጠል እንደገና ሳያጣብቅ ሲቆይ፣ አዲሱ ቀንበጥ ጠማማ ወይም ነጠብጣብ ሳይኖረው ሲወጣ፣ በሥሩና በማሰሮው ከንፈር ላይም ነጭ ጉጥ ሳይገኝ ሲቀር። እስከዚያው ተክሉ ተለይቶ ይቆያል፤ እነዚህ ሲረጋገጡ ወደ ቀድሞ ቦታው ከሌሎቹ ጋር ይመለሳል።